ሰንሰለታችንን በብረት መጋዝ ስለቆረጡልን የቀረበ ምስጋና

ለክቡር አቶ ሲሳይ
የዛርማ ወረዳ ጤና ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ቀዝቀዝ ባለው ቢሮዎ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬን ከደጋው ብርድ ጋር አቀርባለሁ። ጤናዎ እንዴት ነው? ባለቤትዎስ ደኅና ናቸው? ልጆችዎ ሁሉ በየወራቸው፣ አንዱም ሳይዘለል፣ በደንብ ከቀዘቀዘ ብልቃጥ የተከተቡ ስለሆኑ የእነሱን ጤና መጠየቅ ትርፍ ነገር መሆኑን አውቃለሁ፤ ግን የጤና ሹም ጤና ካልተጠየቀ የማን ሊጠየቅ ነው ብዬ ነው።

እኔ አሞጽ ካሱ እባላለሁ፤ የላይ ዛርማ ቀበሌ ሸማኔ ነኝ። የእኔ ጋቢ ጨንቻ ገበያ ላይ ሲዘረጋ የሌሎቹ ጋቢ አፍሮ በራሱ ይታጠፋል ቢባል ብዙም ማጋነን አይደለም፤ ዛሬ የምጽፍልዎ ግን በሸማኔነቴ ሳይሆን በዕውቀቴ ነው። ዘንድሮ የማታ ትምህርቴን ጨርሻለሁ። መምህርታችን እጅጋየሁ በክፍሉ ፊት እንደ መሰከሩልኝ፣ ሦስቱን «ሀ» ለይቶ የሚጽፍ እኔ ብቻ ነኝ። ስለዚህ «ይህን ማን ጻፈለት?» ብለው ጸሐፊ ሲያፈላልጉ እንዳይደክሙ፤ ራሴ ነኝ። አንዱን ቅጂ በቀበሌው ሰሌዳ ላይ፣ ሌላውን በወፍጮ ቤቱ በር ላይ የለጠፍኩትም እኔው ነኝ። ታሽጎ የሚላክ ነገር እናንተ ቢሮ ሲደርስ ምን እንደሚሆን በዓይኔ ስላየሁ፣ ይህን ሳላሽግ መላክ ይሻላል ብዬ ነው።

አቤቱታ በቁጥር ሲሆን ያምራል ስለተባልኩ በቁጥር አድርጌዋለሁ፤ ያውም በግዕዝ ቁጥር።

፩. የመጀመሪያው ምስጋናዬ ስለ ፍሪጇ ነው። በፀሐይ የምትሠራውን የክትባት ፍሪጅ የሰጡን ዕለት መኪናው ከወንዙ ወዲያ ቆሞ አቀበቱን አልወጣም ሲል፣ እኛ የላይ ዛርማ ወንዶች እንደ ታማሚ በቃሬዛ ተሸክመን እየዘመርን አወጣናት። ከተሸካሚዎቹ ሁሉ እስከ መጨረሻው ሳይቀየር የወጣው እኔ ብቻ መሆኔን የምጠቅሰው ለመኩራራት ሳይሆን ለታሪክ ያህል ነው። እርስዎም በበቅሎ መጥተው ጤና ኬላው ደጃፍ ላይ ንግግር አደረጉልን፤ ከንግግርዎ ሁሉ ልባችን ውስጥ የቀረው «የቅዝቃዜ ሰንሰለቱ እንዳይበጠስ ነቅታችሁ ጠብቁ!» ያሉት ነበር። አጨበጨብን። ገና ከመውረድዎ ሰንሰለቱን ፍለጋ ገባን። ፍሪጇን ከፊት አየናት፣ ከኋላ አየናት፣ ሆዷን ከፍተን አየን፤ ሰንሰለት የለም። ጎረቤቴ ሳምሶን «መንገድ ላይ ተሰርቋል! ዋናው ዕቃ እሱ ነበር» ብሎ ራሱን ያዘ። እኔ ግን የተማርኩ ሰው ነኝና ነገሩን አመዛዝኜ፣ መንግሥት ፍሪጇን ሰጥቶ ሰንሰለቱን ለእኛ የተወው ተሳትፏችንን ሊፈትን መሆኑን አስረዳኋቸው። ከጨንቻ ገበያ ወፍራም የብረት ሰንሰለት ከነጓጉንቸሩ አምጥተን ፍሪጇን ከጤና ኬላው ምሰሶ ጋር ጠፍረን አሰርናት።

የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያችን ዕድላዊት ይህን ስታይ ደጃፉ ላይ ቁጭ ብላ እስኪያልባት ሳቀች። ከዚያ እንባዋን እየጠረገች «ጋሽ አሞጽ፣ ሰንሰለቱ እኮ ብረት አይደለም» አለችኝ። ክትባት ከተሠራበት ቦታ ጀምሮ እስከ ሕፃኑ ክንድና ጭን ድረስ፣ በመኪናም ይሁን በበቅሎ፣ ቅዝቃዜው ከእጅ ወደ እጅ ሳይቋረጥ መድረስ እንዳለበት፣ መሀል ላይ አንድ ሰው ካሞቀው ኋላ በረዶ ውስጥ ቢቀብሩት እንደማይድን ነገረችኝ። እኔ ዕድሜ ልኬን የተበጠሰ ክር ስቋጥር የኖርኩ ሰው ነኝና፣ አንዴ ከተበጠሰ የማይቋጠር ነገር መኖሩን ስሰማ ሳቄ ሁሉ ጠፋብኝ። ብረቱን ግን አልፈታነውም። አንዴ ካሰርን አሰርን ነው።

፪. ሁለተኛው ምስጋናዬ ስለ ሰጡኝ ሹመት ነው። በአጎራባች ቀበሌ ኩፍኝ ገባ ተብሎ ዘመቻ ሲታሰብ፣ እርስዎ ስልክ ደውለው «አሞጽ፣ አፍህ ይሰማልና እናቶችን አንተ ቀስቅስልን፤ ክትባቱ መጥቷል፣ ፍሪጅ ውስጥ ነው፣ የሚያሰጋ ነገር የለም» አሉኝ። አፌ እንደሚሰማ ከእርስዎ በፊት አገሩ ሁሉ ያውቃል፤ ቢሆንም ከኃላፊ አፍ መስማቱ ደስ አሰኝቶኝ ቀጥ ብዬ ዱቡሻ ሄድኩ።

እርስዎ የዚሁ አገር ልጅ ስለሆኑ ዱቡሻ ምን እንደሆነ አላስተምርዎትም፤ ይህን በወፍጮ ቤቱ በር ላይ ለሚያነብ መንገደኛ ግን፣ የአገር ሰው ተሰብስቦ የሚመክርበትና ሐሰት የማይነገርበት ሜዳ ነው ብዬ ልለፍ። እዚያ ቆሞ የዋሸ ሰው ጎሜ ይሆንበታል፤ ጎሜ ደግሞ ሰው ሊደፍረው የማይገባውን የደፈረበት በደል ነው፣ ተነግሮ ካልጠራ ለቤቱ ሁሉ ይተርፋል። እኔ በዚያ ሜዳ መሀል ቆሜ፣ ክትባቱ መምጣቱን፣ እንደማይበላሽ፣ ይህም የአቶ ሲሳይ ቃል መሆኑን ተናገርኩ።

ጎረቤታችን ወርቂቱ ከሜዳው ዳር ሕፃኗን አዝላ ቆማ ነበር። የበኩር ልጇን ኩፍኝ የቀበረባት ሴት ናት፤ ያን ጊዜም ከተማ ድረስ አዝላው ወርዳ «ክትባት የለም፣ ሌላ ጊዜ ነይ» ተብላ የተመለሰች ናት። «አሞጽ» አለችኝ፣ «ይህ ቃል የአንተ ነው ወይስ የነሱ?» እኔም ደረቴን ነፍቼ «የእኔም የነሱም!» አልኳት። አየችኝ አየችኝና «እንግዲያው እመጣለሁ» አለች። እሷ እመጣለሁ ካለች በኋላ የማትመጣ እናት አልነበረችም። የእኔም ሚስት አገርነሽ ሳባን ለመውሰድ ተዘጋጀች። ሳባ ትንሿ ልጃችን ናት፤ ለኩፍኝ ክትባት የደረሰችው ገና አሁን ነው።

፫. ሦስተኛው ምስጋናዬ ስለ መጋዙ ነው። የክትባቱ ቀን ሳይደርስ ከጽሕፈት ቤትዎ ሰዎች መጥተው ፍሪጇ ለአስቸኳይ ጉዳይ ለሁለት ቀን ብቻ ወደ ከተማ እንደምትወርድ ነገሩን። ክትባቱስ ሲባሉ «አብሮ ይወርዳል፣ ያው ፍሪጅ ውስጥ አይደል?» አሉ። ዕድላዊት የጓጉንቸሩን ቁልፍ በጉያዋ ደብቃ አልሰጥም አለች። ደወለችልዎ። ስልኳ ድምፁን ከፍ አድርጎ ስለሚናገር ሁላችንም ሰማንዎት፤ «አንቺ ደግሞ ዕድላዊት! እናንተ ያላችሁት ደጋ ነው፤ አገሩ ራሱ ፍሪጅ አይደል እንዴ? መስኮት ክፈቱ!» አሉ። ይህን የመሰለ ምርምር ለብቻዎ ይዘው መቀመጥዎ አስገርሞኛል፤ ሕፃናቶቻችንንም መስኮት ላይ ብናሰጣቸው ሳይከተቡ ይድኑ እንደሁ ሳልጠይቅዎ ስልኩ ተዘጋ። ከዚያ ሰዎችዎ የብረት መጋዝ አወጡ።

ክቡር ሆይ፣ እኛ መሃይም ሳለን ሰንሰለቱ ብረት መስሎን ብረት አሰርን፤ እናንተ ግን ሁለቱን ሰንሰለት፣ የእኛንም የእናንተንም፣ በአንድ መጋዝ ቆረጣችሁ። እንዲህ ያለ ቅልጥፍና በሽመና ቤት አይገኝም።

፬. አራተኛው ስለ ስብሰባው ነው። «ሁለት ቀን» የተባለችው ፍሪጅ ሳምንት አልፎ ሳምንት ሲተካ አልመለስ ስትል፣ ወደ ቆላ ወርጄ ላመጣት ተነሣሁ። ከተማው የሙዝ ቅጠል የሚያጠወልግ ሙቀት ይዞ ጠበቀኝ። በጽሕፈት ቤትዎ በር ላይ የተጻፈውን ለመጀመሪያ ጊዜ በራሴ ዓይን አነበብኩ፤ «ጤና ጽ/ቤት» ይላል። በ«ጽ» እና በ«ቤት» መሀል የተጋደመችው ዱላ ለማን እንደተዘጋጀች ለመጠየቅ ዘበኛዎ ገብረ ማርያም አላስገባኝም። ከአዳራሹ በላይ የተሰቀለውን ባነርም ድምፄን ከፍ አድርጌ አነበብኩት፤ «የ-ቅ-ዝ-ቃ-ዜ ሰንሰለትን በማጠናከር አንድም ሕፃን ሳይከተብ አይቀርም!» ገብረ ማርያም ጥርሱን እየፋቀ ሰማኝና «ወንድሜ፣ ማንበብ ከቻልክ በታች ያለውንም አንብበው፤ ያለ ፈቃድ መግባት ክልክል ነው ይላል» አለኝ። ልክ ነበር፤ ይላል።

በተከፈተው በር ግን አየኋት። የእኛ ፍሪጅ ናት፤ ከምሰሶው ጋር ያያያዝንበት ግማሽ ሰንሰለት ጎኗ ላይ እንደ ጌጥ ተንጠልጥሏል። ሆዷ ተከፍቶ ለስላሳና የታሸገ ውሃ ተደርድሮበታል። ስለ ቅዝቃዜ ሰንሰለት የሚመክሩት እንግዶች ጉሮሮ እንዳይሞቅ የእኛ ልጆች ክትባት ወጥቶ፣ በካርቶን ሆኖ መስኮቱ ላይ ፀሐይ ይሞቅ ነበር። አወቅሁት፤ ብልቃጦቹ በካርቶኑ አፍ ብቅ ብለው እንደ እኔው ወደ ውስጥ ያያሉ።

ያን ጊዜ እርስዎ ሊተነፍሱ ወጡ። ስነግርዎ ሰሙኝ፣ ትከሻዬን መታ መታ አደረጉኝ፣ «ስብሰባው እንዳለቀ ሁሉም ነገር ይስተካከላል፤ ክትባቱም በሰዓቱ ይደርስልሃል፤ አሞጽ፣ እኔን እመነኝ» ብለው ጨበጡኝ። እጅዎ በጣም ቀዝቃዛ ነበር። ጠርሙስ ይዘው ስለነበር ነው። ክቡር ሆይ፣ እኔ ቀልደኛ ሰው ነኝ፤ በአገሬ ሳቅ የሚበደረው ከእኔ ነው። በዚያ ቀን ግን ቀልድ አልመጣልኝም፤ ካርቶኑን እያየሁ አመንኩዎት። ስብሰባው ካለቀ በኋላ ግምገማ፣ ከግምገማው በኋላ የግምገማው ግምገማ እንዳለ በትምህርታችን ገና አልደረስንበትም ነበር።

፭. አምስተኛው አጭር እንዲሆን ፈልጌ ነበር፤ አልሆነልኝም።

የክትባቱ ቀን እናቶች ገና በማለዳ ጤና ኬላውን ሞሉት። ያመጣኋቸው እኔ ነኝና እንደ ሠርግ ቤት አስተናጋጅ ከወዲያ ወዲህ እል ነበር፤ የቀደመችውን አስቀድማለሁ፣ የሚያለቅሰውን አባብላለሁ። ፀሐይ ከፍ ሲል የጽሕፈት ቤትዎ ሞተረኛ ያንኑ ካርቶን ከኋላው አስሮ መጣ። ፍሪጅ የለ፣ የበረዶ ሳጥን የለ፣ ካርቶን። ዕድላዊት ተቀብላ ከፈተችው። እያንዳንዱ ብልቃጥ ላይ ክብ ምልክት አለ፤ በክቡ ውስጥ ደግሞ ትንሽ አራት ማዕዘን። አራት ማዕዘኑ ከክቡ ነጣ ያለ ከሆነ ክትባቱ ደኅና ነው፤ እንደ ክቡ ከጠቆረ ሙቀት በልቶታልና ይጣላል። ይህ ለማንበብ ፊደል የማይጠይቅ ጽሑፍ ነው፤ ማንም ዓይን ያለው ያነበዋል። ዕድላዊት አንዱን ወደ ብርሃን አዙራ አየች፣ ሌላውን አየች፣ ከሥር ያለውን አወጣች። ሁሉም ጠቁሯል። ከዚያ ካርቶኑን መልሳ ዘጋችውና እጇን ላዩ ላይ አደረገች።

ሞተረኛው ስልክ ደውሎ ሰጣት። የእርስዎን ድምፅ አልሰማሁም፤ በዚህ ጊዜ ድምፁን ዝቅ አድርጋዋለች። የሰማሁት የእሷን ነው፤ «ጌታዬ፣ ሰው ተሰብስቧል ብለው ነው? ለነዚህ ሕፃናት ውሃ ልውጋ?» አለች። ስልኩን ለሞተረኛው መልሳ ወደ እናቶቹ ወጣችና እንዳለ ነገረቻቸው። አንድም ቃል አልደበቀችም። እሷ ዝም ብላ ብትወጋ ኖሮ ማንም አያውቅም ነበር፤ እናቶች መርቀዋት ይሄዱ ነበር፤ እርስዎም «ተከትበዋል» ብለው ያሳውቁ ነበር፤ ኩፍኙ ብቻ ነበር እውነቱን የሚያውቀው።

የተቆጣ ሰው አልነበረም። ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር። አንድ በአንድ ልጆቻቸውን መልሰው አዘሉ። ወርቂቱ በአጠገቤ ስታልፍ ቆም አለችና «አሞጽ» አለች፣ ድምፅዋን እንኳ ሳታነሣ፣ «እንግዲያው ያንን ቃልህን አንተው ተከተበው።» አገርነሽም ሳባን አቅፋ ከፊቴ ቀድማ ሄደች። ቤት ስደርስ ሳባ ሳቀችልኝ፤ ለምን እንደ ሄደችና ለምን እንደ ተመለሰች ገና አታውቅማ።

፮. ፍሪጇ እስከ ዛሬ አልተመለሰችም። ሌላ ስብሰባ አለ ይባላል።

ቁጥሩ እዚህ ያልቃል፤ ነገሩ ግን አላለቀም። ባለፈው እሑድ ከጸሎት በኋላ ሽማግሌዎች ዱቡሻ ጠሩኝ። በዚያ ሜዳ ላይ ያልተፈጸመ ቃል ተናግሬአለሁና እስኪጠራ ድረስ በመካከላቸው ቆሜ እንዳልናገር ነገሩኝ። ይህ ለሌላ ሰው ቀላል ቅጣት ሊሆን ይችላል፤ ለእኔ ለአሞጽ ግን ዝም በል መባል ከሽመና ጉድጓዴ አውጥተው እግሬን የወሰዱብኝ ያህል ነው። ሽማግሌው ማርቆስ ግን አንድ ነገር ጠየቁኝ፤ «ልጄ፣ ቃሉ ከማን አፍ ወጣ?» አሉኝ። «ከአቶ ሲሳይ» አልኩ። «እንግዲያው ባለቃሉ ይምጣ» አሉ። ለሰላም ምልክት እርጥብ ሣር የያዘ ሰው መንገድ ድረስ ወጥቶ ይቀበልዎታል፤ የሚሰድብዎ፣ ክፉ የሚናገርዎ የለም። መሀል ሜዳ ቆመው የሆነውን እንደሆነ መናገር ብቻ ነው። በአገራችን በደል የሚጠራው እንዲህ ነው፤ አበል ግን አይታሰብበትም።

ሲመጡ ፍሪጇን ይዘው እንዲመጡ በትሕትና እለምናለሁ፤ ከወንዙ እስከ ጤና ኬላው ያለውን መሸከም የእኛ ፋንታ ነው፣ ትከሻችን አልተሸጠም። በውስጧ ነጭ አራት ማዕዘን ያለው ክትባት ይኑርባት። ያለ እሷ ከሆነ የሚመጡት፣ እኔ እናቶችን ዳግመኛ መጥራት አልችልም። አልፈልግም ማለቴ አይደለም። አፌ አልተዘጋም፤ የሚሰማው ጆሮ ነው የተዘጋው። በአጎራባች ቀበሌ ያለው ኩፍኝ ደግሞ ስብሰባ አይጠብቅም፤ ግምገማም የለው፤ አቀበቱንም ያለ መኪና ይወጣዋል።

በመጨረሻም፣ ስለ ንግግርዎ፣ ስለ ጨበጡኝ እጅ፣ ስለ መስኮት ምክርዎ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ አንድ የማያውቅ ሸማኔ «እመነኝ» የሚለው ቃል እንዴት እንደሚጻፍ ብቻ ሳይሆን እንዴት እንደሚጠቁር ጭምር እንዲማር ስላደረጉኝ፣ ያለኝን ምስጋና ስገልጽልዎ ከወገቤ ዝቅ ብዬ ነው። ቀና ስል እዚያው እንዳገኝዎ ተስፋ አደርጋለሁ።

ፊርማዬን እንደ ድሮው በአውራ ጣት ሳይሆን በስሜ ያኖርኩ፣ የዱቡሻ ንግግር የተከለከልኩ፣ እርስዎን አምኖ የነበረው

አሞጽ ካሱ
የላይ ዛርማ ሸማኔ፣ የሳባ አባት

ማስታወሻ፦ ይህን ደብዳቤ በወፍጮ ቤቱ በር ላይ ስለጥፍ ወርቂቱ ልጇን አዝላ ስታልፍ አየችኝ። በእግሯ አርባ ምንጭ ድረስ ልትወርድ ነው፤ እዚያ ሳይሞቅ የሚጠብቃት ክትባት ይኖር እንደሁ ልትሞክር። ማንበብ ስለማትችል ምን እንደጻፍኩ ጠየቀችኝ፤ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አነበብኩላት፣ ያማረውን ቦታ ሁለት ጊዜ። ጨርሳ ሰማችኝና «ጥሩ ነው፤ ደብዳቤ ልጅ ይከትባል?» አለችኝ። ይህን ሲያነቡ እሷ ገና መንገድ ላይ ናት። የጽሕፈት ቤትዎ መኪና በዚያ በኩል ካለፈ አሳፍራት አልልም፤ ሾፌሩ ብቻ አጠገቧ ሲደርስ ቀስ ይበል፤ አቧራው ለሕፃኑ ጥሩ አይደለም።